ጨዋነት በፓስፖርት

ፓስፖርት የሚያትሙ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ አንድ ነገር ዘንግተዋል ባይ ነኝ። ስም አለ፣ የትውልድ ዘመን አለ፣ ፎቶግራፍ አለ፤ «ጠባይ» የሚል ሳጥን ግን የለም። ሳጥኑ ቢኖር ስንቱ ድካም በቀረ! ዓለም እንደሆነ የልጆችን ጠባይ በየአገሩ አከፋፍሎ ከጨረሰ ሰንብቷል። የፈረንሳይ ልጅ ምግብ አይደፋም። የቻይና ልጅ ሳያጠና አይተኛም። የጃፓን ልጅ የሚማርበትን ክፍል ራሱ ይጠርጋል። የአሜሪካ ልጅ ሲቆጡት ፖሊስ ይጠራል። የሐበሻ ልጅ ደግሞ፣ ምን ጥያቄ አለው፣ ጨዋ ነው። የቀረው ማኅተም መምታት ብቻ ነው።

ይህን ስል ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም፤ መጽሐፍ ተጽፎበታል። ፓሪስ የምትኖረው አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ፓሜላ ድራከርማን እ.ኤ.አ. በ2012 የፈረንሳይ ሕፃናት ምግብ ቤት ገብተው እንደ ትልቅ ሰው ቁጭ ብለው እንደሚበሉ፣ የአገሯ ልጆች ግን ጠረጴዛውን እንደሚያተራምሱት ጽፋ ብዙ አሜሪካዊ ወላጅ አሸማቀቀች። እንግሊዝ አገር የወጣው እትም ርእሱ ራሱ የፈረንሳይ ልጆች ምግብ አይወረውሩም የሚል ነው። ከዚህ በኋላ ውስጡን ማንበብ የሚያስፈልገው ተጠራጣሪ ሰው ብቻ ነው። ስዊድን ልጅ መምታትን በ1979 ስትከለክል፣ ፈረንሳይ ወላጅ ልጁን ያለ ዱላና ያለ ማሸማቀቅ እንዲያሳድግ የሚደነግግ ሕግ ለማውጣት 40 ዓመት ጨምራ 2019ን መጠበቋ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ፀጥ ብሎ የተቀመጠ ልጅ ሲያዩ «ለምን ፀጥ አለ?» ብሎ መጠየቅ የባለጌ ሥራ ነው።

ቻይናን ደግሞ የዬል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፕሮፌሰር ኤሚ ቹዋ በ2011 ባወጣችው መጽሐፍ ገላግላናለች። ሴት ልጆቿ ጓደኛ ቤት አያድሩም፤ ከኤ በታች ውጤት ይዘው አይገቡም፤ ከፒያኖና ከቫዮሊን ሌላ የሙዚቃ መሣሪያ አይነኩም። የቻይና እናት እንዲህ ናት ተባለ፤ አመንን። ፕሮፌሰሯ የተወለደችው ኢሊኖይ ውስጥ ነው፤ ግን ጠባይ በደም ይወርድ የለ? አንድ ትንሽ እንቅፋት ብቻ አለ። ያው ዓለም ስለዚያችው ቻይና ሲያወራ «ትንንሽ ንጉሠ ነገሥታት» የሚላቸው ልጆች አሉት። በአንድ ልጅ ፖሊሲ ዘመን የተወለዱ፣ ሁለት ወላጅና አራት አያት የሚያሽቃብጥላቸው፣ ሞልቃቃ የተባሉ ልጆች ናቸው። እንግዲህ አንዱ የቻይና ልጅ ከፒያኖው ሥር አይነሣም፣ ሌላው ከአያቱ ጀርባ አይወርድም። እምነቱ ያልጸና ሰው ይህን ሲሰማ ይወላውላል። እኛ ግን ሁለቱንም እናምናለን፤ አንዱን ልጃችን ሲሰንፍ፣ ሌላውን የጎረቤት ልጅ ሲቀብጥ እናወጣዋለን።

ጃፓንን እንዴት እንዝለላት? ከ1991 ጀምሮ በቴሌቪዥኗ ትንንሽ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ሲላኩ የሚያሳይ ፕሮግራም አላት። ኔትፍሊክስ በ2022 ለዓለም ሲያደርሰው ጉድ ተባለ። አንድ ሕፃን ብቻውን ገበያ ሄዶ ዕቃ ገዝቶ ተመለሰ! ካሜራ የደበቁ ሰዎች አላፊ አግዳሚ መስለው በየጥጉ ይከተሉታል፤ ተመልካችም እንባውን ይጠርጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ያው ሕፃን ሳንቲሙን በጡጫው ጨብጦ «ሁለት ሽንኩርት፣ አንድ ክብሪት፣ መልሱን ቁጠር» ተብሎ በቀን ሦስት ጊዜ ይላካል። የሚከተለው ሰው ቢኖር መንገድ ላይ ቆሞ መጫወት አለመጫወቱን የሚሰልለው ታላቅ ወንድሙ ነው። የጃፓኑ ልጅ ኃላፊነት የሚሰማው ተባለ፤ የእኛው መልሱን 50 ሳንቲም አጉድሎ ሲመጣ «ይሄ ሌባ!» ተባለ።

ዋንጫው ግን የእኛ ነው። እንዴት እንደወሰድነው በአንድ የእሑድ ምሳ እንመልከት።

እንግዳ መጥቷል። የሰባት ዓመቷ የቤቱ ልጅ ተጠርታ አንድ በአንድ ትስማለች፤ ማን ይሁኑ ማን አትጠይቅም። ቀጥላ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ማስታጠቢያና ጆግ ይዛ ከታላቁ ጀምራ ታስታጥባለች። ውሃው ከበዛ የእናቷ ቅንድብ ከፍ ይላል፤ ካነሰ ዝቅ ይላል። ምግቡ ሲቀርብ በሩ ሥር ትቆማለች። አንዱ እንግዳ «ነይ እስቲ ላጉርስሽ» ይላታል። ልጅቱ ጉርሻውን አታይም፤ የምታየው የእናቷን ዓይን ነው። ዓይኑ ጠበብ አለ። «በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አለች። ከቁርስ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። እንግዳው ጉርሻውን ወደ ራሱ አፍ እየመለሰ «አቤት ጨዋነት! ተባረኪ» አላት። እናትየው ደስ አላት፣ እንግዳው ጠገበ፣ ልጅቱም በሰባት ዓመቷ ዲፕሎማት ሆነች።

እዚያው ማዕድ ላይ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣች እኩያዋ የአክስት ልጅ ተቀምጣለች። «ራበሽ?» አሏት። «አዎ» አለች። «ዶሮ ወጥ ይውጣልሽ?» «አልወድም፣ ያቃጥለኛል።» ቤቱ ፀጥ አለ። ሁለት ጥያቄ ተጠየቀች፣ ሁለቱንም ሳትዋሽ መለሰች። «ምን ታድርግ፣ አሳዳጊ የበደላት ናት» ተባለ። ከዚያ የተለመደው ወሬ ይከተላል፤ እዚያማ ልጅ ሲቆጡት 911 ይደውላል። የደወለ ልጅ በዓይኑ ያየ ከመካከላቸው ባይኖርም፣ ያየ ሰው የሚያውቅ ሰው የሚያውቅ ግን አይጠፋም።

ጨዋነታችን በምን እንደሚመረት መደበቅም አያስፈልግም። በመጀመሪያ ዓይን ይፈጥጣል፤ ካልተሳካ ከጠረጴዛ ሥር ቁንጥጫ አለ፤ እንግዳ ሲሄድ ኩርኩም ይቀጥላል፤ ለከባድ ጥፋት ደግሞ በርበሬ ይታጠናል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካልን ከሚጎዳና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። አንቀጹ ጓዳን በስም ስላልጠራ በርበሬው እፎይ ብሎ ይጨሳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ «ሐበሻ ሲፈጥረው ጨዋ ነው» እንላለን።

ያቺው ዲፕሎማት ከቦሌ ተሳፍራ አሜሪካ ብትገባስ? መምህርቷ ስታናግራት እንደለመደችው መሬት መሬት ታያለች። ሳምንት ሳይሞላ ለወላጅ ማስታወሻ ይላካል፤ ዓይን ለዓይን አታይም፣ እጇን አታወጣም፣ በራስ መተማመን ይጎድላታል፣ ምናልባት ባለሙያ ቢያያት። እሷም ምን ገዷት፣ ቀና ብላ መናገሩን ትለምዳለች። መምህርቷ ኮከብ ትለጥፍላታለች። በክረምት አገር ቤት ስትመለስ ያው ቀና ያለው አንገት አክስቷን አስደነገጠ፤ «ውይ፣ ዓይን አውጣ ሆና መጣች!» ልጅቱ ያው ናት። ከፊቷ የተቀመጡት ዳኞች ናቸው የተለወጡት፤ ዳኛን መጠየቅ ግን ደንብ አይደለም።

ደግሞ ዳኛ ሲለወጥ ፍርድ የሚለወጠው ለእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 አንዲት ዴንማርካዊት እናት ኒው ዮርክ ውስጥ ምግብ ቤት ገብታ፣ በአገሯ ወግ የልጇን ጋሪ ከደጅ ትታ በመስኮት ታየው ነበር። ኮፐንሃገን ቢሆን ሕፃኗ ንጹሕ አየር እየወሰደች ነው ይባል ነበር። ኒው ዮርክ ግን እናቲቱን አሰረ፣ ልጇንም ለቀናት ወሰደባት። ጋሪው ያው ጋሪ ነው፤ ቪዛው ሌላ ሆነ እንጂ።

ይህን የመሰለ የተደላደለ እውቀት የሚያበላሹት ተመራማሪዎች ናቸው። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት በጃፓን ኪዮቶና በአሜሪካ ቦልደር ያሉ ሕፃናትን ፈተነ። ከፊታቸው ጣፋጭ ተቀመጠ፤ ሳይነካ የታገሠ ሁለት ያገኛል። ጃፓኖቹ ከአሜሪካውያኑ ይልቅ ታገሡ። እሰይ፣ ፓስፖርቱ ሠራ! ተመራማሪዎቹ ግን ጣፋጩን አንሥተው በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ አስቀመጡ። አሁን ደግሞ የታገሡት አሜሪካውያኑ ሆኑ። ለካ የጃፓን ልጅ ሁሉም ሳይቀርብ ምግብ አለመንካትን፣ የአሜሪካ ልጅ ደግሞ ገና እስኪደርስ የተጠቀለለ ስጦታ አለመክፈትን ለምዶ ኖሯል። ሌላ ጥናት በካሜሩን የንሶ ገበሬ ልጆችንና የጀርመን ልጆችን ጣፋጩን አስጠበቀ፤ ንሶዎቹ በሰፊ ልዩነት በለጡ። ትዕግሥትን ከካሜሩን እንማር የሚል መጽሐፍ በአየር ማረፊያ መደብሮች ተደርድሮ ሲሸጥ ግን እስካሁን አላየሁም። የሚቀዳ ጠባይ የሚበቅልባቸው አገሮች ዝርዝር ቀድሞ ተዘግቷል መሰለኝ።

ስለዚህ የፓስፖርቱን ሳጥን ሐሳቤን ሳልተው ትንሽ ላሻሽለው። ሳጥኑ ለትልልቆቹም ይሁን። በዚያ የእሑድ ምሳ ልጅቱን ፊት ለፊት «ምነው እንዲህ ከሳች?» ያሉትን ሴትዮ፣ «ከእናትሽና ከአባትሽ ማንን ትወጃለሽ?» ብለው መልስ እስክትሰጥ ያፋጠጧትን ሰውዬ፣ «ወንድምሽ ይሻላል፣ አንደኛ ይወጣል» እያሉ ቡናቸውን ፉት ያሉትን አጎት ማን መዘገባቸው? የትኛው አገር አዋቂ ለልጅ ጨዋ እንደሆነ የሚያነጻጽር መጽሐፍ ቢጻፍ አንደኛ ተራ ይዤ እገዛ ነበር። ጸሐፊ እንዳይጠፋ ደግሞ ምስክሮቹ ሞልተዋል፤ በየቤቱ በር ሥር ማስታጠቢያ ይዘው ቆመው ሁሉን ያያሉ፣ ሁሉን ይሰማሉ። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ጨዋ ልጅ ትልቅ ሰው ባለበት አይናገርም።