ያለሽን ልበሺ

የሰርግ ጥሪ ካርድ ብዙ ነገር ይናገራል። የሁለቱን ወገን ወላጆች ስም ከነማዕረጋቸው ይዘረዝራል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አዳራሹን፣ አዳራሹ ከየትኛው ማደያ ጀርባ እንደሆነ ሳይቀር ይጠቁማል። «ከነባለቤትዎ» ብሎ ስንት ሆነን እንደምንመጣ ይቆጥርልናል፤ ልጆቹን ቤት እንድንተው በትሕትና የሚያሳስብም አለ። አፉን የሚዘጋው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምን ለብሰን እንምጣ? ስለዚህ ተጠሪዋ ስልክ ታነሳለች። መልሱ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ያው ነው፦ «ውይ፣ ምን ችግር አለው! ያለሽን ልበሺ።» እኔን የምትከነክነኝ ይህች ሁለት ቃል ናት። ያላትን ካልሆነ የሌላትን ልትለብስ ኖሯል? መንገድ የጠፋበት ሰው «በየት ልሂድ?» ሲል «በእግርህ» ብሎ እንደመመለስ ነው። መልሱ ደግሞ ውሸትም አለበት። ያላትን ለብሳ የሄደችውን ሴት ገና ከመቀመጧ «ይሄ ያኔ ለነእገሌ ሰርግ የለበስሽው አይደል? አሁንም ያምርብሻል!» ይሏታል። «አሁንም» የምትለዋን ልብ በሉልኝ።

«ጋባዡ እኮ በይሉኝታ ነው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ለደስታዬ የሚመጣውን ሰው ለወጪ አልዳርገው ብሎ ነው እንጂ ግድ አጥቶ አይደለም ይላል። ክርክሩን አከብራለሁ፤ ማስረጃው ግን አያግዘውም። የዛሬ ደጋሽ የመጋረጃውን ቀለም ከአበባው፣ አበባውን ከኬኩ፣ ኬኩን ከሚዜዎቹ ቀሚስ፣ የሚዜዎቹን ቀሚስ ከወንዶቹ ከረባት ጋር ሲያስማማ ነው ወሩን የሚጨርሰው። ወንበሮቹ እንኳ ነጭ ሽፋን ለብሰው፣ ወገባቸውን በሪባን ታጥቀው ይጠብቁናል። እንግዲህ ወንበሩ ምን እንደሚለብስ ከወር በፊት ሲነገረው፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው «ያለህን» የሚባለው በምን ሂሳብ ነው?

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 አንድ ንጉሥ ለልጁ ሰርግ ይደግሳል፤ የተጠሩት አንመጣም ይላሉ፤ አገልጋዮቹም መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ሰብስበው ቤቱን ይሞሉታል። ከዚያ ንጉሡ እንግዶቹን ሊያይ ይገባና የሰርግ ልብስ ያልለበሰ አንድ ሰው ላይ ዓይኑ ያርፋል፤ ሰውየው እጅና እግሩ ታስሮ ውጭ ጨለማ ውስጥ ይጣላል። ሊቃውንቱ ልብሱን በሃይማኖትና በምግባር ያመሠጥሩታል፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። ላይ ላዩን ላየው ሰው ግን ያ ምስኪን ከመንገድ የተለቀመ ነው። ካርድ አልደረሰውም፤ ሽሮ ሜዳ ደርሶ ለመመለስ ጊዜ አልነበረውም። ሲጠየቅም መልስ አጣ። ዝምታው ይገባኛል፤ «ያለህን ልበስ ብለውኝ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? በቃና ዘገሊላው ሰርግ ደግሞ ወንጌላዊው የድንጋይ ጋኖቹ 6 እንደነበሩ ቆጥሮ ሲጽፍ ስለ እንግዶቹ ልብስ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እዚያ ያስጨነቀው የወይን ጠጁ ማለቅ ነበር። ጭንቀቱ የደጋሹ ሆኖ እንግዳው ዘና ያለበት ሰርግ ማለት ይኼ ነው።

ቃናን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዓሉ ጥር 12፣ በጥምቀት ማግስት ይከበራል፤ ሰርጉም ከዚያ ወዲህ ይደራል። ዓቢይ ጾም ሳይገባ ለመዳር ሁሉም ይሽቀዳደማል፤ ጾሙ ከገባ 55 ቀን ሙሉ ተክሊል የለምና። ያልቀናው ዳግማይ ትንሣኤን ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን የዓመቱ ሰርግ በጥቂት ቅዳሜና እሁዶች ውስጥ ይታጨቃል፤ ያው ዘመድ፣ ያው ጎረቤት፣ ያው የሥራ ባልደረባ በየሳምንቱ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሰርጎቻችን በ12ቱ ወር ቢበተኑ ኖሮ ማን የማንን ቀሚስ ያስታውስ ነበር? የቀሚስ ትዝታ ዕድሜው አጭር ነው፤ ከእሁድ እስከ እሁድ ለመቆየት ግን ይበቃል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ የአዲስ ልብስ ጠበቃ ሆኖ ይቀርባል። እኔ ምስክርነቱን የምሰማው በሌላ በኩል ነው። ይህን ያለችው ሴት ደህና ቀሚሷ አንድ ነው። ሃያ ቢኖራት ኖሮ የአንዱ መቅረት እንዲህ ባላንገበገባት። ያው ቀሚስ ጥር 11 ታቦት ሸኝቶ በሳምንቱ ሰርግ ቤት ይገኛል፤ ለባሿም አታፍርም።

እንዴት አላፈረችም? መልሱ ነጠላዋ ላይ ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቆይ። ነጠላ ስሟ አንድ ያሰኛታል፤ ሥራዋ ግን የአንድ ሙሉ ቁምሳጥን ነው። ያችው ጨርቅ ጥለቷ ወደ ታች ወርዶ ሲታይ ደስታ ናት። ስትገለበጥና ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ሲወጣ ሐዘን ናት፤ «ነጠላዋን ዘቅዝቃ» ከተባለ ሰው እንደሞተባት ለማወቅ ሌላ ቃል አያስፈልግም። መስቀለኛ ስትጣፋ ቅዳሴ ናት። ወገብ ላይ ስትታሰር ሥራ ናት፤ አደግድጎ የቆመው ሰው የቤቱ ሰው መሆኑን፣ ወጥ ይጨመርልኝ የሚባለውም እሱ መሆኑን ከድንኳኑ ጥግ ሆነን እናውቃለን። በዚያ ላይ ሕፃን ይሸፈንባታል፣ ፀሐይ ይከለልባታል፣ ዕንባ ይጠረግባታል፤ አማት ቁም ነገር ሲናገሩ የምራት ሳቅ የሚታፈነውስ በምን ሆነና! ይህ ሁሉ ሰዋስው ነው፤ እንደ ግሥ ሥሩ አንድ፣ ርባታው ብዙ። የያኔዋ ተጠሪ «ምን ልልበስ?» አትልም። የእሷ ጥያቄ «እንዴት አድርጌ ልልበሰው?» የሚል ነው፤ ለዚህ ደግሞ የማያውቋት አሮጊት እንኳ መልስ አላቸው። ጥለቷ የተገለበጠባት ልጃገረድ ድንኳን ስትገባ «ነይ እስቲ ልጄ፣ ሰርግ እኮ ነው» ብለው አዙረው ያስተካክሉላታል፤ አለቀ። አንድ ሳንቲም አልወጣም። እኛ ልብሱን አበዛንና ርባታውን ረሳን። ቁምሳጥኗ ሞልቶ «የምለብሰው የለኝም» የምትል ሴት ይሳቅባታል፤ እውነቷን ግን ነው። ቃሉ ሞልቷት ዐረፍተ ነገሩ ጠፍቶባታል።

«የድሮውን አታሳምር፤ ያኔም የጥለቱ ስፋት ኪስ ይናገር ነበር» ለሚለኝ፣ አዎ፣ ይናገር ነበር። የፈትሉ ቅጥነትም፣ የጥበቡ ብዛትም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ያሳብቅ ነበር። ግን አንዴ ተናግሮ ያርፋል። እንደዛሬው በየሳምንቱ አዲስ መግለጫ አይጠበቅበትም።

ከዚሁ መርሳት የመጣ ሌላ ግራ መጋባት አለ፤ የነጭ ነገር። ንግሥት ቪክቶሪያ በፈረንጆች 1840 ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ልማዱ እየተዛመተ ሄዶ ነጭ ቀሚስ በፈረንጅ አገር የሙሽራዋ ብቻ ሆነ፤ ሌላ ሴት ነጭ ለብሳ ሰርግ ብትገኝ እዚያ ትልቅ ነውር ነው። ይህ ሕግ በስልክ ተሳፍሮ እኛ ዘንድ ደርሷልና «ነጭ እንዳትለብሺ!» ሲባል ይሰማል። እንዴ፣ እኛ ዘንድ እናት ነጭ፣ አክስት ነጭ፣ አያት ነጭ፣ የቄሱ ጥምጥም ነጭ! ሕጉ ይከበር ቢባል አዳራሹ ውስጥ የሚቀሩት ዲጄውና የቪዲዮ ባለሙያው ናቸው። ቬሎ ራሱ በጣልያንኛ ዓይነ ርግቡ ብቻ ነው፤ እኛ ቀሚሱን በሙሉ በዚያ ጠርተን ቁጭ አልን። የእኛ ሙሽራ ከእንግዳዋ ስትለይ የኖረችው በቀለም አይደለም፤ በድርብ ነው፣ በካባ። ካባ ደርቦ የሰው መልስ ላይ የተገኘ እንግዳ የለም፤ ክልከላው ካርድ ላይ ሳይጻፍ ይከበራል። አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ ጣጣውን ለሁለት ከፍለው ገላግለውታል፤ የሰርጉ ዕለት የፈረንጁ፣ የመልሱ ዕለት የሐበሻው። ግልግሉ ወጪውን ሁለት እጥፍ ማድረጉ ብቻ ነው ጉድለቱ።

እስካሁን የቀለድኩት በደጋሹ ዝምታ ነው። ሲናገር ግን ይብሳል። «ያለሽን ልበሺ» የማይባሉ አሉ፤ የቅርብ ዘመድ፣ የልብ ጓደኛ፣ የቢሮ ሴቶች። ለእነሱ ዩኒፎርም ይታዘዛል። የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፤ ቀለም ይመረጣል፤ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይለጠፋል፤ «እስከ ዓርብ ያላስገባችሁ» የሚል ማሳሰቢያ ይከተላል። ሦስት ሰርግ ከሆነ ሦስት ቀለም ነው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም፤ እንዳይሆን ተደርጎ ነዋ የተመረጠው። ያምራል ይባላል፤ አንድነት ያሳያል ይባላል፤ ናይጄሪያውያንም አሶ ኤቢ የሚሉት ተመሳሳይ ልማድ አላቸው ይባላል። አዎ፣ አላቸው፤ በወጪው የሚያማርሩም አሏቸው። ሸማኔው እንጀራ ይበላበታል የሚለውን ቢሆን እኔም በወደድኩ፤ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አውርዶ የሚሸምነው ሰው በእርግጥ ቢያገኝበት አፌን በዘጋሁ። ግን ለ20 ሰው በ2 ሳምንት የሚደርስ ጥበብ ከእጅ አይወጣም። የሚገዛው ጥለት የታተመበት ሽፎን ነው፣ ፈትል ያልነካው፣ በመርከብ የመጣ። እሺ፣ ይህም ይሁን። የማይሆነው ወዲህ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋም የዚያው ቢሮ ሰው ናት፤ ግሩፑ ውስጥ ስሟ አለ። ደመወዟን ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠየቀው ብር ግን ከሥራ አስኪያጇ እኩል ነው። አልችልም እንዳትል ይሉኝታው አፏን ይዟታል። ስለዚህ «አመመኝ» ትላለች። ጥር ላይ ሰው የሚታመመው በብርድ ብቻ አይደለም። ዕድሩ ድንኳን ይሰጣል፣ ድስት ይሰጣል፣ አግዳሚ ወንበር ይሰጣል፤ ማንም ሰው ያጣ የነጣም ቢሆን መጥቶ እንዲበላ። እኛ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደጃፉ ላይ የቀለም ቲኬት መቁረጥ ጀመርን። የምለብሰው የለኝም ብሎ ልቅሶ የቀረ ሰው ማን ሰምቶ ያውቃል? ድሃዋን ለልቅሶ እንጂ ለደስታ የማይመች ሰው ያደረግናት እኛ ነን፤ ይህ ደግሞ ባህልም ፋሽንም አይደለም፣ ጭካኔ ነው። ወገቡ ላይ ሪባን የታሰረለት ጭካኔ።

ይህን ያህል መቆጣቴ ከሽፎን በላይ ነው መሰለኝ። ቀለሙን የመረጠችው ሙሽራ እኮ ክፉ አይደለችም፤ ፎቶው እንዲያምርላት ፈለገች፣ ፎቶውም ያምራል፤ ምኑን ልዋሽ። መፍትሔ አምጣ ብባልስ ምን ልል ነው? ካርዱ ላይ ይጻፍ ብል፣ የተጻፈ ዕለት ሁሉም ሌላ ለብሶ ይመጣል። መዋዋስ አለ ብል፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይሉኛል። እንደ ወንዶቹ ይሁን እንዳልል ደግሞ የወንዶቹን አየነው። ወንድ ሱፍ አለው። ሱፍ ከሱፍ ባይሠራም ሱፍ ነው፤ የክብር ስሙ «ሙሉ ልብስ» ነው፣ ሌላው ልብስ ሁሉ ጎዶሎ ይመስል። በዚያች ሱፍ ይመረቃል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ያገባል፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ሃያ ሰርግ ይበላባታል፤ «ይሄ ያኔ የለበስከው አይደል?» ያለው የለም። የሚያየው ስለሌለ ነው። ነጻነት ይኼ ከሆነ ያስቀናል ወይ የሚለውን ለባለ ሱፎቹ ልተወው።

ጫማን ደግሞ እስካሁን አላነሳሁም። ካርዱ ድግሱ ሣር ላይ መሆኑን ስለማይነግራት፣ ያላትን ሹል ተረከዝ አድርጋ የመጣች ሴት በየእርምጃዋ መሬት እየቆፈረች ትሄዳለች፤ እህል ቢዘራበት ይበቅላል። ሰርግ የለመዱት ግን ቦርሳቸው ውስጥ ነጠላ ጫማ አለች። ኬኩ ተቆርሶ ዘፈኑ ወደ ጉራጊኛ ሲዞር ባለ ተረከዙ ከጠረጴዛው ሥር ይወልቃል፤ ነጠላ ጫማዋ ትወጣለች፤ ከጥበብ ቀሚስ ጋር ትሄዳለች አትሄድም የሚል ክርክር የለም። የቪዲዮ ባለሙያውም ያን ሰዓት ካሜራውን ከወገብ በላይ ያደርጋል።