አይበርደኝም

ልጅ በብርድ ጊዜ «አልለብስም» ማለት የሚጀምረው እጅጌ ውስጥ የሚገባው እጅ የራሱ መሆኑን ባወቀ ማግስት ነው። ከዚያ በፊት ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ተጠቅልሎ ይገባል፤ አስተያየቱን የሚጠይቀው የለም። ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ክንዱን ማድረቅ ይለምዳል። የደረቀ ክንድ በእጅጌ አያልፍም። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም፤ ሆኖም ኮልፌ ያለውም ሲኤምሲ ያለውም ልጅ እኩል ያውቀዋል። ማድረቁ ካልሠራ ተቃራኒው አለ፤ መላ ሰውነትን ለቅቆ ወለሉ ላይ መዘርጋት። አጥንት የሌለው የሚመስል ልጅ ሹራብ ለማልበስ ሦስተኛ እጅ ያስፈልጋል። ቀኙ ሲገባ ግራው ይወጣል፤ ሁለቱም ገቡ ሲባል ጭንቅላቱ የአንገቱን ቀዳዳ ስቶ እጅጌ ውስጥ ይገኛል።

አዲስ አበባ ለዚህ ጠብ የተመቸች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ብርዷን በሁለት መልክ ታመጣለች። የክረምቱ እርጥብ ብርድ ነው፤ ደመናው ቀን ፀሐይን ይከለክላል፣ ሌሊት ደግሞ የመሬቱን ሙቀት አምቆ ያስቀራል፤ ስለዚህ የሐምሌ ሌሊት የሚወራለትን ያህል አይከፋም። ከመስቀል ወዲያ ሰማዩ ሲጠራ ነገሩ ይገለበጣል። ቀን የሞቀው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች መውረድ፣ ቀትር ላይ ደግሞ ከ20 ማለፍ የተለመደ ነው። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ይህ ወራት ሲገባ ነው። አጥንቱን አዋቂ ወሰደው፤ ለልጅ የደረሰው ሹራቡ ነው። ትምህርት ቤትም በክረምቱ ተዘግቶ ከርሞ በመስከረም ይከፈታልና፣ ንጋቱ አጥንት የሚሰብርበት ወራትና ልጅ በንጋት ከቤት የሚወጣበት ወራት አንድ ሆነዋል። የትምህርት ዘመኑን የደነገገ ሰው ዝናቡን አስቦ ይሆናል፤ ሹራቡን ግን አላሰበም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ በየበሩ የሚሰማው ንግግር ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። እናት ቢጃማዋ ላይ ጋቢ ደርባ፣ በአንድ እጇ የምሳ ዕቃ፣ በሌላው ሹራብ ይዛ ቆማለች። ልጁ ቦርሳውን አንግቶ አንድ እግሩን ከበሩ አውጥቷል።

«ማሙሽ፣ ሹራብህን!»

«አይበርደኝም።»

«ከአፍህ ጭስ እየወጣ አይበርደኝም ትለኛለህ?»

ልጁ ይህን ሲሰማ ይቆማል። ጭሱን እስከዚያ ድረስ አላስተዋለውም ነበር። ጣቶቹን እንደ ሲጋራ አፉ ላይ አስጠግቶ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ እህቱ ፊት ይተነፍሳል። ክርክሩ በዚህ ይቋረጥና እናት የመጨረሻውን ቃል ትናገራለች፦ «አንተን ሳይ እኔን በረደኝ!»

በበሩ ላይ ከተባለው ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው። የበረዳት እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1941 ጋጊ፣ በርተንና ባዜት የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የልብስን ሙቀት ጠባቂነት የሚለኩበት «ክሎ» የተባለ መለኪያ አወጡ። አንድ ክሎ ማለት 21 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሳይበርደውም ሳይሞቀውም እንዲቆይ የሚበቃው ልብስ ነው፤ ከነኮቱ የተሟላ ሙሉ ልብስ ማለት ይቻላል። ቁም ነገሩ «የተቀመጠ» የሚለው ላይ ነው። የሚሮጥ ሰው ከተቀመጠው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ያመነጫል፤ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ለሥራ የሚያውለው ከሩብ አይበልጥም፣ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እናት ብርዱን የምትለካው ቆማ ነው፤ ልጁ ደግሞ ታክሲ ተራ እስኪደርስ ይሮጣል እንጂ ተራምዶ አያውቅም። እርግጥ የልጅ ሰውነት ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ቆዳ ስላለው ሙቀቱን ከአዋቂ ቶሎ ያጣል። ይህ ለእናት የሚያደላ ነጥብ ነው፤ የሚያደላው ግን ልጁ ሲቆም ነው፣ ልጁ ደግሞ አይቆምም።

ልጅ ሙቀት ይጠላል ማለት ግን አይደለም። ጠዋት ሹራብ አልነካም ያለው ልጅ ማታ ዜና ሲጀመር የአባቱን ጋቢ ገልጦ ማንም ሳይጠራው ይገባል፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ሲያንቀላፋ ይገኛል። ጋቢ አራት እጥፍ ጥጥ ነው፤ በእጥፎቹ መካከል የታመቀው አየር ነው የሚያሞቀው። እጅጌ የለውም፣ ቁልፍ የለውም፣ የሚገባበትም የሚወጣበትም ሰዓት የራሱ ነው። ሹራብ ግን በሌላ ሰው እጅ፣ ሌላ ሰው በመረጠው ሰዓት፣ ጆሮ እየጎተተ የሚገባ ልብስ ነው። ልጅ የሚጠላው መሞቅን ሳይሆን መልበስን፣ ይልቁንም መልበስ የሚባለውን ትእዛዝ ይመስላል።

የሚያቀርባቸው ምክንያቶች ሁሉ ሰበብ አይደሉም። «ይበላኛል» የሚለው እውነት ነው፦ ውፍረቱ ከ30 ማይክሮን በላይ የሆነ የሱፍ ክር ጫፉ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ከመታጠፍ ይልቅ ይወጋል፤ አዋቂው ከሥር ሸሚዝ ስለሚለብስ አያውቀውም። «አንገቴን ያንቀኛል» የሚለውም ባለፈው ዓመት የተገዛ ከሆነ እውነት ነው፤ ዘንድሮ የተገዛ ከሆነ ግን «ያድግበታል» ተብሎ የተገዛ ነውና አንገቱ ላይ ሳይሆን ጉልበቱ ላይ ነው የሚያስቸግረው። ከሁሉ ደካማው «ማንም አይለብስም» የሚለው ነው። በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ሰዓት፣ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ለእናቱ ይህንኑ እያለ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ አይከራከርም። እሺ ብሎ ይለብሳል፣ እናቱን ይስማል፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አውልቆ ቦርሳው ውስጥ፣ ከምሳ ዕቃው ሥር ይጠቀጥቀዋል። ሹራቡ ማታ ወጥ ወጥ እየሸተተ ይመለሳል። እናትም ስታጥበው የወጡን ነጠብጣብ አይታ ልጄ ሲበላ ደረቱ ላይ ያፈሳል ብላ ታዝናለች።

ቀትር ሲሆን ፀሐይ ለልጁ ትፈርድለታለች። ጠዋት የለበሰውም ሁሉ ያወልቃል፤ የወለቀ ሹራብ ደግሞ የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ሲሮጡ ይረገጣል፣ ቀጥሎ መሬት ይወርዳል። እዚያ ግን እውነተኛ ጥቅሙ ይገኛል፦ ሁለት ሹራቦች በአምስት እርምጃ ርቀት ተጠቅልለው ሲቀመጡ ጎል ይሆናሉ። ኳሷ በሹራቡ ላይ ካለፈች ገባች አልገባችም የሚለው ክርክር ሹራቡ ላይ ተቁሞ ስለሚካሄድ፣ ልብሱ በአንድ የዕረፍት ሰዓት የሚያየው መከራ በመርካቶ ተራ በዓመት የሚያየውን ያህል ነው። ደወል ሲደወል ተጫዋቹ ይሮጣል፣ ጎሉ እዚያው ይቀራል። የትምህርት ቤት ሹራብ የደንብ ልብስ ስለሆነ ቀለሙ አንድ ነው፤ ከወደቀ የማን መሆኑን ጌታውም አያውቀውም። ብልህ እናቶች አንገቱ ሥር በክር ስም ይጠልፋሉ። ይህ ሹራቡን እንዳይጠፋ አያደርገውም፤ የጠፋው የማን ሹራብ እንደሆነ ግን በማያሻማ ሁኔታ ያሳውቃል። ሴሚስተር ሲያልቅ በጥበቃው ቤት ጥግ የተከመረውን ክምር የሚያገላብጡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ትተው የሌላውን ያገኛሉ፣ ቁጥሩ ከተመጣጠነም ያንኑ ይዘው ይሄዳሉ።

አሥራ ሦስትና አሥራ አራት ዓመት ላይ በሽታው መልኩን ይለውጣል። በጥቅምት ንጋት በአንድ ቲሸርት ወጥቶ ክንዱ እንደ ተነጨ ዶሮ ቆዳ የተነሳበት ልጅ፣ በሚያዝያ የቀትር ሙቀት ባለኮፍያ ወፍራም ጃኬት ደፍቶ፣ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ ይታያል። አውልቅ ቢሉት «አይሞቀኝም» ይላል። እዚህ ላይ ስለ አየር ጠባይ መናገር ከንቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ልብስ የሚለበሰው ለሚያዩ ሰዎች ነው፤ ቴርሞሜትር ደግሞ አያይም።

የአያት ነገር ለብቻው ነው። አያት ብርድን የምታውቀው በዲግሪ ሳይሆን በአገባቡ ነው፤ ብርድ በደረት ይገባል፣ በእግር ይገባል፣ ነፋስ ሆኖ በጆሮ ይገባል፣ ምች ሆኖ ይመታል። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ፌጦና ዝንጅብል ከአጠገቧ አይጠፉም። ሐኪሞች እንደሚሉት ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ራይኖ ቫይረስ የሚባለው ብቻውን ከ100 በላይ ዓይነት አለው፣ የሚተላለፈውም በእጅና በትንፋሽ ነው። በልጅ ልጇ ላይ ሹራብ፣ ሻርፕና ኮፍያ ደርባ «ነፋስ እንዳያገኘው» የምትል አያት፣ ልጁን መስኮቱ ሁሉ በተዘጋበት ታክሲ ውስጥ ከሚያስነጥሱ መንገደኞች መካከል ታስቀምጠዋለች፤ አንዱ መስኮት ቢከፍት ደግሞ የመጀመሪያዋ «ዝጋው» ባይ እሷ ናት። ለፍርድ እንዲመች ግን የእሷም ወገን የሚለው አለው፦ ቫይረሱ ከ37 ዲግሪ ይልቅ ቀዝቀዝ ባለው አፍንጫ ውስጥ የተሻለ ይራባል። አፍንጫ ላይ ደግሞ ሹራብ አይለበስም።

ልጁ ማታ ካስነጠሰ ሜንቶል ያለበት ቅባት ይወጣል። «ደረቱን ያሞቅለታል» ተብሎ ይታሻል። ሜንቶል ግን የሚቀሰቅሰው በነርቭ ላይ ያለውን የብርድ መቀበያ ነው፤ መቀበያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2002 የተገኘው በዚሁ በሜንቶል አማካይነት ነው፣ ካገኙት መካከል ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ጠዋት ብርድ በዝቶብሃል የተባለው ልጅ ማታ ለመድኃኒት ብርድ ይቀባል ማለት ነው። ልጁ «ቀዘቀዘኝ!» ብሎ ሲጮኽ በቀኑ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በረደኝ ማለቱ ነው፤ የሚሰማው ግን የለም፣ «ዝም በል፣ እያሞቀህ ነው» ይባላል።

ቀልድ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎችም አሉ። አራስ ሕፃን ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ ስለማይችል ክርክሩ እሱን አይመለከትም። የረጠበ ልብስም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ በነሐሴ ዝናብ የበሰበሰ ሹራብ ከመልበስ አለመልበስ ይሻላል፤ በዚህ ሰዓት አውልቅ ማለት የሚገባው ወላጁ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ መታወቋ ያለ ምክንያት አይደለም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሣሩ ላይ ውርጭ አርፎ ይነጋል። ከዚያ ከፍ ብሎ በመንዝ ገደላገደል በግ የሚጠብቅ ልጅ፣ ወይም ደበሎውን ደርቦ ከመንደር መንደር የሚዞር የቆሎ ተማሪ፣ አልለብስም ሲል አይሰማም። እምቢ ለማለት በመጀመሪያ የሚለምን ሰው ያስፈልጋል። ለሦስት ልጅ አንድ ሹራብ ባለበት ቤትም ጠብ አለ፤ ጠቡ ግን «ዛሬ የእኔ ተራ ነው» የሚል ነው።

ባሕር ማዶ የሄዱ ቤተሰቦች ነገሩን ይዘውት ሄደዋል። በሚኒሶታ በጥር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መድረስ ብርቅ አይደለም፤ እዚያ የተወለደው ልጅ በዚህ ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚጠብቀው በቁምጣ ነው። አጠገቡ የቆመው አባት አዲስ አበባ ያደገ ሲሆን ሁለት ጃኬት፣ ሁለት ካልሲ፣ ከሥሩም ረጅም የውስጥ ሱሪ ለብሷል። እዚያ ቅዝቃዜው ከነፋስ ጋር ሲሆን የተጋለጠ ቆዳን በግማሽ ሰዓት ውስጥ በውርጭ ሊጎዳ ስለሚችል አባት በክርክሩ ትክክል ነው፤ ልጁ ግን «ዳዲ፣ አውቶቡሱ ይሞቃል እኮ» ይላል፣ እውነትም ይሞቃል። ትንንሾቹን በተመለከተ የደኅንነት ምክሩ ራሱ ከልጅ ጋር ቆሟል ማለት ይቻላል፦ በመኪና የሕፃን መቀመጫ ላይ የተነፋ ወፍራም ጃኬት ለብሶ መታሰር አይመከርም፤ በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ሲታመቅ ቀበቶው ይላላል። ስለዚህ እናት ሩብ ሰዓት ታግላ ያለበሰችውን መኪናው በር ላይ ራሷ ታወልቀዋለች። ልጁ ይህን ያያል፣ ይመዘግባልም።

የማይለበስ ሹራብ መጨረሻ ታናሽ ነው። በተለመደው የቤት ሥርዓት ታናሽ የሚወርሰው ክርኑ የተበሳ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ቁልፉ የተቀየረ ልብስ ነው። ታላቁ አልለብስም ብሎ ሁለት ዓመት የታገለበት ሹራብ ግን ከቁም ሳጥን ሲወጣ ክሩ እንኳ አልተሳበም። ታናሹ አዲስ ልብስ የሚያገኝበት ዋናው መንገድ ይኸው ሲሆን፣ እሱም ልበስ ሲባል ክንዱን ያደርቃል።