ልዋጭ በኦሃዮ

ባለቤቴ ጋራዡን በሚመለከት ያወጣችው ሕግ አንድ አንቀጽ ብቻ ነው፦ አንድ አሮጌ ዕቃ ከገባ አንድ አሮጌ ዕቃ ይወጣል። «የሚወጣው ዕቃ አንተ ልትሆን ትችላለህ» የሚለውን ንዑስ አንቀጽ የጨመረችው አምና ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ የሚሸጥ ዕቃ መኪናዬ ላይ እጭንና ከምኖርበት ከኮሎምበስ ተነሥቼ፣ አንድ ሰዓት ያህል ነድቼ፣ ዚንያ ወደምትባል ትንሽ ከተማ እሄዳለሁ። ስመለስም እንደተጫንኩ ነው። መንገድ ላይ ፖሊስ ሁለት ጊዜ ቢያስቆመኝ የጠዋቱን ጭነት ከማታው አይለየውም።

ዚንያ ላይ ያለው ነገር ሃምቬንሽን ይባላል። የአማተር ራዲዮ ሰዎች፣ ራሳቸውን «ሃም» ብለው የሚጠሩት፣ በዓመት አንዴ ለሦስት ቀን የሚሰበሰቡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ዴይተን ከተማ ቢልትሞር ሆቴል ውስጥ ጀመሩት። ከ1964 እስከ 2016 ሃራ አሪና በሚባል አዳራሽ ቆየ፤ ከ2017 ወዲህ ደግሞ እዚህ፣ የግሪን ካውንቲ የእርሻ ትርዒት በሚደረግበት ሜዳ ላይ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬም ሃራን ሳያነሡ ቡና አይጠጡም። እኔ ሃራን አንድ ቀን አላየሁትም። ሆኖም ከእነሱ ጋር ከንፈሬን ስመጥ ዓመታት ስላለፉ ይናፍቀኝ ጀምሯል። ያላዩትን መናፈቅ ለኛ ለሐበሾች ማን ያስተምረናል?

አዲስ ዕቃ የሚሸጠው አዳራሾቹ ውስጥ ስለሆነ እዚያ አልገባም። የኔ ቦታ የፈረስ መሮጫው መሐል ያለው ሜዳ ነው። ሰው ሁሉ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ፣ ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ የአርባና የሃምሳ ዓመት ጥሪቱን ፀሐይ ላይ አስጥቷል። ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው ራዲዮ፣ ባለቀስት መለኪያ፣ የሞርስ መምቻ፣ ያለባለቤቱ የቀረ የድምፅ ማስተካከያ ቁልፍ አንድ ካርቶን ሙሉ። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ እዚህ አይጠፋም፤ «ምን አለሽ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ልዩነቱ በመሐላ ላይ ነው። መርካቶ ላይ ሻጩ «ጋሼ፣ እናቴ ትሙት አሁን ነው ከሚሠራበት የነቀልኩት» ይልሃል። እዚህ ደግሞ በትልቁ «አይሠራም» ብሎ ጽፎ ይለጥፍበትና፣ ከሚሠራው አስበልጦ ዋጋ ይጠራበታል።

ወደዚህ በሽታ ያስገባኝን ልንገራችሁ።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደሴ ሳለን አንድ ፊሊፕስ ራዲዮ ነበረው። እናቴ የሠራችለትን ዳንቴል ለብሶ ቡፌው ላይ ይቀመጣል፤ ከአባቴ በቀር ማንም አይነካውም። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ የማሰጣው እኔ ነኝ፤ ፀሐይ ከሌለ በመንጋጋዬ ጠርቀም አደርገዋለሁ። ዛሬ የጥርስ ሐኪሜ አፌን ከፍቶ በተገረመ ቁጥር ምክንያቱን አልነግረውም። ማታ አባቴ ጋቢውን ከነራዲዮው ይከናነባል። ዘመኑ ደርግ ነው። ዶቼ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር፤ በ1982 የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ሲጨመርበት የአባቴ ጋቢ እስከ እኩለ ሌሊት ያፏጭ ጀመር። ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ «እኔ ራዲዮ አልሰማም» እያለ አንድ ዓይነት ዜና ያወራል።

አንድ ክረምት ራዲዮው ዝም አለ። ፒያሳ ያለው ራዲዮ ሠሪ ከፍቶ ሲዘጋው ሦስት ብሎን ተረፈው፤ «መጀመሪያውንም ትርፍ ነበሩ» አለ። ከዚያ በኋላ የሚሠራው በግራ ጎኑ በመዳፍ ሲመታ ሆነ። ቀስ በቀስ ዱላውንም ለመደው። አንድ ቀን አባቴ ለቅሶ ሄዶ ሳለ ልዋጭ በሰፈራችን አለፈ። እናቴ ሁለት አሮጌ ሱሪና ተረከዙ ያለቀ ጫማ ይዛ ወጣች፤ ለትልቁ ሳፋ አልሞላም ተባለች። ተመልሳ ገባችና ራዲዮውን ጨመረችበት።

አባቴ ሲመለስ ዳንቴሉ ቡፌው ላይ ብቻውን ተነጥፎ አየ። አንድም ቃል አልተናገረም። ማታ እናቴ በዚያው በሰማያዊው ሳፋ ለእግሩ ሞቅ ያለ ውኃ ስታቀርብለት፣ ጎንበስ ብሎ ሳፋውን በግራ ጎኑ በመዳፉ መታ መታ አደረገውና «እህ፣ ዛሬስ ምን ይላል?» አለው። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት፣ የዜና ሰዓት በደረሰ ቁጥር ሳፋውን ወሬ ሲጠይቀው ኖረ።

እንግዲህ እኔ ኦሃዮ ድረስ መጥቼ የምፈልገው ያንን ራዲዮ ነው። እስካሁን ያገኘሁት ሌሎች አሥራ ሰባት ራዲዮዎችን ነው።

ነገሩን በሕግ ለማድረግም የአማተር ራዲዮ ፈቃድ ለማውጣት ሞክሬያለሁ። የሞርስ ፈተና በ2007 ቀርቷል ሲሉኝ ደፍሬ ተቀመጥኩ፤ ለመጀመሪያው ደረጃ ከ35 ጥያቄ 26ቱን መመለስ በቂ ነው። ፈቃዱን ለባለቤቴ ሳሳያት አገላብጣ አየችውና «በዚህ ምን ይነዳል?» አለችኝ።

ባለፈው ጊዜ ለመሸጥ የወሰድኩት ኦሲሎስኮፕ ነበር። የኤሌክትሪክን ሞገድ አረንጓዴ መስታወት ላይ የሚሥል መሣሪያ ነው። የሠራው ሂዝኪት፣ የሚሺጋኗ ቤንተን ሃርበር ኩባንያ፣ ከ1947 እስከ 1992 ድረስ ዕቃውን ሳይገጥም ነበር የሚሸጠው። ዶሮ ወጥ አዝዘህ ዶሮዋ ከነነፍሷ፣ ሽንኩርቱ ከነልጣጩ ቢመጣልህ ማለት ነው። ደግነቱ አብሮ የሚመጣው መመሪያ እንደ ባልቴት ነው፤ «ይህን ሽቦ እዚህ በይድ፤ ከበየድክ ምልክት አድርግ» እያለ አጠገብህ ቁጭ ብሎ ያሠራሃል። የኔን መመሪያ አንድ ጥንቁቅ ሰው በእርሳስ ምልክት እያደረገ ወርዷል። ከመሐሉ በኋላ ግን ምልክቶቹ ይንጋደዳሉ፣ ከሳጥናቸው ይወጣሉ፤ አንዱ ጋ እርሳሱ ወረቀቱን በስቶታል። የልጅ እጅ ነው። በዚህ ምክንያት ሦስት ዓመት ይዤው ሄጄ ሦስት ዓመት ይዤው ተመለስኩ። መሣሪያውን ብቻ የሚፈልግ ብዙ ነው፤ መመሪያውን ግን ሁሉም «እሱን እዚያው ተወው» ይላሉ።

ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን ስም ያዩ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው «ኢ ቲ!» ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ኢ ቲ የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት መነሻ ነው። እነዚህ ሰዎች ዓለምን 340 ቦታ ከፍለው እያንዳንዱን በራዲዮ ማግኘትን እንደ ስለት ይዘውታል፤ ከ340ው ውስጥ ከባሕር ብቅ ያሉ ድንጋዮች ሳይቀሩ አሉበት። ስካርቦሮ የሚሉት ሪፍ ላይ ድንጋዩ አልበቃ ብሏቸው መድረክ ተክለውበት ያወሩ አሉ። እኚህ ሰው በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ካለው ከአማተር ራዲዮ ማኅበሩ ጣቢያ፣ ከኢ ቲ 3 ኤ ኤ ጋር ለመገናኘት ስንት ሌሊት እንዳደሩ ነገሩኝ። እኔ አዲስ አበባ አራት ዓመት ተምሬ ከዚያ ግቢ የማስታውሰው የአጥሩን ጥላ ነው። ያንን አልነገርኳቸውም። ዝም ብዬ አገሬን ወክዬ ተጨባበጥኩ።

ከእሳቸው ሁለት ጠረጴዛ አለፍ ብሎ ዜኒት ትራንስ ኦሺያኒክ አየሁ። ከ1942 ጀምሮ የተሠራ ዝርያ ነው፤ ይሄኛው የሃምሳዎቹ ነው። ጥቁር፣ እንደ ሻንጣ የሚከደን፣ እጀታ ያለው። ፊሊፕስ አይደለም፤ ግን ክዳኑን ስከፍተው ቁጥሮቹ ላይ ያለችው ቀይ መስመር እንደኛዋ ትንሽ ጠመም ብላለች። ባለቤቱ 150 ዶላር አሉ፤ እኔ 70 አልኩ። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «አይሆንም! ከሰርኩ!» አሉኝ።

ደንግጬ መነጽሬን አወለቅኩ። ለካ በወታደርነት ቃኘው ጣቢያ ነበሩ። አሜሪካኖቹ እስከ 1977 አስመራ ላይ በነበራቸው የራዲዮ ሰፈር፣ ያኔ በኢትዮጵያ ሥር ሳለች። አማርኛው ሁሉ ጠፍቶባቸው፣ ገበያ ውስጥ ሲሰሙት የኖሩት ይህ ቃል ብቻ ቀርቷል፤ ሃምሳ ዓመት አድፍጦ ቆይቶ እኔ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልከራከር? 80 ዶላርና ኦሲሎስኮፑን አቀረብኩ። መሣሪያውን ችላ ብለው መመሪያውን አነሡ። እያገላበጡ ሄዱና ምልክቱ መንጋደድ የጀመረበት ገጽ ላይ ቆሙ። አውራ ጣታቸውን በተበሳው ወረቀት ላይ አሳለፉ። «ይሄ አብሮ ነው?» አሉ። አብሮ ነው አልኩ። ተጨባበጥን።

አንድ ወጣ፣ አንድ ገባ። ሕጉ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከበረ።

ማታ ራዲዮውን የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሰካሁት። የቫልቭ ራዲዮ ወዲያው አይናገርም፤ አምፖል የመሳሰሉት ቫልቮች እስኪሞቁ ትጠብቀዋለህ። የጋለ አቧራ ሸተተ፣ ቀጥሎ ያ የጋቢው ፉጨት መጣ። ባለቤቴ ሳህን ማጠቧን አቆመች። ቀስ እያልኩ አዞርኩ፦ ሰባኪ፣ ሃቫና፣ ሌላ ሰባኪ። አማርኛ የለም። 5 ሜጋኸርዝ ላይ ስደርስ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ የሚል ነገር ያዘኝ፤ ኮሎራዶ ያለው፣ ሌት ተቀን ሰዓት የሚናገረው ጣቢያ ነው።

«ምን ይላል?» አለች።

«አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ።»

ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ከ12 ይላል፣ በኛ አቆጣጠር ሦስት ከ12 ማለት ነው። ዓለም አቀፍ ሰዓት መሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ። «በ80 ዶላር ሰዓት ገዛህ» አለች፤ «እሱም የተሳሳተ።»

ደሴ ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አልፏል፤ እናቴ ለኪዳን ተነሥታለች ማለት ነው። ደወልኩላት። ራዲዮ መግዛቴን፣ የአባባን የሚመስል መሆኑን ነገርኳትና፣ እግረ መንገዴን ሰማያዊው ሳፋ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ምን ይሆናል?» አለች። «ትናንት ነጠላዬን ዘፍዝፌበታለሁ። ጠርዙ ትንሽ ነቅቷል እንጂ ይሠራል።» ጥቂት ዝም አለች። «ስማ ልጄ፣ እንዲያ የሚቆጭህ ከሆነ ያንን ራዲዮ ይዘህልኝ ና። ሳፋውን እመልስልሃለሁ።»

ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ነበር። ባለቤቴ እጇን በፎጣ እያደረቀች፣ «ሳፋው ጋራዥ አይገባም» አለች።