የ“ማን ይደፍራል” ሥራ

የደጋ ገብስ ጠላቱ ሦስት ነው፤ ውርጭ፣ በረዶና ጭላዳ። ለውርጩና ለበረዶው ይጸለያል፤ ለጭላዳው ውሻ ይያዛል። አንኮበር ያለው አጎቴ ሁለቱንም ሞክሯል፤ ጸሎቱ ይሻላል ይላል።

ጭላዳን ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት ከዝንጀሮ ወገን ሣር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭም አይገኝም። ሲነገረን ኮራን። ችግሩ ገብስም የሣር ዘር መሆኑን ጭላዳ ከእኛ ቀድሞ ማወቁ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል። ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥቶ ቀይ ደረቱን ፀሐይ እያሞቀ ይግጣል፣ እየጋጠም በቂጡ እየተንፏቀቀ ወደ ማሳው ይጠጋል። ድሮ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ያባርሩት ነበር። አሁን ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ክፍት የሥራ ቦታው ለውሻ ተሰጠ።

ለምርጫው እኔም ከደብረ ብርሃን ሄጄ ተገኘሁ። ዳኛው አንድ አዛውንት ነበሩ። ቡችሎቹን በየተራ በማጅራታቸው እያንጠለጠሉ፣ “ያለቀሰ ፈሪ ነው” አሉ። አንዱ አላለቀሰም። አፉን ፈልቅቀው ላንቃውን አዩ፣ ጆሮው ውስጥ እፍ አሉበት፣ ጅራቱንም በስንዝር ለኩ። መሬት ሲያስቀምጡት የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሶ አልለቅም አለ። “ይሄ ነው!” አሉ፤ ጋቢው እስኪተረተር ድረስም በኩራት ቆሙለት። እኔ እንዳየሁት ያላለቀሰው እንቅልፍ ስላልለቀቀው ነበር፤ ግን ስለ ውሻ የከተሜን አስተያየት ማን ይሰማል?

ስሙን አጎቴ አወጣ፤ “ማን ይደፍራል”። በእኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለጎረቤት ነው። አጎቴ ከአዋሳኙ ባለማሳ ጋር በድንበር ሲነታረክ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ማሳ ፊቱን አዙሮ “ማን ይደፍራል! ና!” እያለ ይጣራል፤ ውሻው እግሩ ሥር ተኝቶ።

ሥልጠናው የአጎቴ ፈጠራ ነው። ወንዱ ጭላዳ ትከሻው ላይ ጎፈር አለው፤ የመንዝ ባና ደርቦ በአራት እግሩ የሚሄድ ሰው ቁርጥ እሱን ይመስላል ተባለ። ደራቢው እኔ ሆንኩ። ታጭዶ ባለቀ ማሳ ውስጥ እየዳህኩ ስንፏቀቅ አጎቴ ከኋላ “ያዘው! ያዘው!” ይላል። ማን ይደፍራል መጣ፣ ዙሪያዬን አሸተተኝ፣ ከዚያ የባናው ጫፍ ላይ ተሽከርክሮ ተኛ። ለካ ማታ ማታ የሚያድርበት ባና ነው። ከገበያ የሚመለሱ አንዲት እናት ቆመው አዩን፣ አማተቡ፣ ወደ አጎቴ ጠጋ ብለውም በሹክሹክታ፣ “እኔን! ጠበል ሞክራችሁለታል?” አሉት።

እውነተኞቹ ጭላዶች የመጡት የበልግ ገብስ እሸት ሲሆን ነው። ማን ይደፍራል ጎረምሳ ሆኗል፤ እየጮኸ ሄደ። አንድ ባለጎፈር ወንድ ከቦታው ሳይነሳ የላይ ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገለበጠና ድዱንና ክራንቻዎቹን አሳየው። ውሻው ቆመ። ዞር ብሎ አጎቴን አየው፤ “ይህን ቀደም ብላችሁ ነግራችሁኛል?” የሚል ይመስል ነበር። የቀረውን ጩኸት የጨረሰው ከአጎቴ እግሮች መሀል ሆኖ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ “ማን ይደፍራል! ና!” እያለ ጠዋት ጠዋት የሚጣራው ጎረቤቱ ነው።

አጎቴን ላጽናና ብዬ የመንዝ ጓሳውን ታሪክ አነሳሁለት። እዚያ ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ መንጋ መሀል ገብቶ አይጥ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ብቻውን ሲያድን ከ100 ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህሉ ሲሆን፣ ከጭላዶቹ መሀል ሲሆን ግን 67ቱ ይሳካለታል። ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ግልገሎቻቸውን አይነካም፤ እነሱም ዝም ይሉታል። አንዴ አንዱ ቀበሮ ግልገል ቢይዝ መንጋው አስጥሎ አባረረው፤ ተመልሶ እንዲገባም አልፈቀደለትም። ውሻ ሲያዩ ግን ወደ ገደል ይሮጣሉ ይላል ጥናቱ።

“የትኛውን ውሻ?” አለ አጎቴ።

በኋላ ማን ይደፍራል የራሱን ሥራ አገኘ። ገደሉ አፋፍ ላይ ድንጋይ ለድንጋይ የምትሮጥ ሽኮኮ አይቶ አባረራት። ስንጥቅ ውስጥ ስትገባበት የፊት እግሮቹን ድንጋዩ ላይ ሰቅሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ሳያቋርጥ ጮኸ። ይህንን በስልክ ለአክስቴ ልጅ ብነግረው አሜሪካ ሆኖ ጮቤ ረገጠ። እሱ ያለበት ቴኔሲ ለዛፍ ሽኮኮ አደን የተለየ ውሻ አለ፤ “ፋይስት” እና “ማውንቴን ከር” ይሏቸዋል። ሽኮኮዋን ዛፍ ላይ አስወጥተው፣ እግራቸውን ግንዱ ላይ ሰቅለው፣ ባለጠመንጃው እስኪደርስ ይጮኻሉ። ሰዎች ለዚህ ዘር ይመርጣሉ፣ ወራት ያሠለጥናሉ፣ ገንዘብ ያፈሳሉ። ስልኩን ለአጎቴ አቀበልኩት።

“ማንም ሳያሠለጥነው? ጋሼ፣ ይሄ ውሻ ተሰጥዖ አለው!”

“እና ከገደሏት በኋላ ምን ያደርጓታል?”

“ይበሏታል።”

አጎቴ ስልኩን ከጆሮው አራቀው። የድንጋይ ሽኮኮ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በስሟ ተጠርታ ተከልክላለች፤ የዛፏም ብትሆን አያጓጓውም። አንኮበር የሣህለ ሥላሴ ከተማ በነበረች ጊዜ ዝሆንና ጎሽ የገደለ ሲፎክር ሰምታለች፤ በሽኮኮ የፎከረ ግን አልታየም። ቢሆንም “ተሰጥዖ” የምትለዋ ቃል ሳታስደስተው አልቀረችም። ጎረቤቱ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ደጋገማት፤ የአክስቴ ልጅ የጠየቀውንም ቪዲዮ እንድቀርጽ ወደ ገደሉ ይዞኝ ወረደ።

ማን ይደፍራል አላሳፈረንም፤ እግሩን ሰቅሎ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ቪዲዮውን አይቶ ወዲያው ደወለ። ውሻውን አደነቀ፣ አገሩን አደነቀ፣ ናፍቆቱን ተናገረ፤ በመጨረሻም፣

“ጋሼ፣ ከበስተኋላ ገብሱ ውስጥ የሚታዩት በጎች ያንተ ናቸው?” አለ።