«አልተነገረኝም»

እኔስ ሰለቸኝ። በነርስነት በምሠራበት ክሊኒክ ከሕመምተኛው ብዛት ይልቅ የሚያደክመኝ «አልተነገረኝም» የሚሉት ነገር ነው። ካርድ ክፍል ብትሄድ እሱ ነው፣ ላብራቶሪ እሱ ነው፣ ፋርማሲ እሱ ነው፤ ከእኛም ከነርሶቹ አፍ አይጠፋም።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት አሮጊት እናት ለስኳር ምርመራ መጡ። በባዶ ሆድ የሚሰጥ ምርመራ ስለሆነ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ያህል ምግብ አይቀመስም፤ እሳቸውም ከማታ ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። ሐኪሙ አዘዘ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ተቀበለች፣ እማማ ግድግዳ ተደግፈው ተራ ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ የላብራቶሪው ልጅ «እማማ፣ የምርመራው ኬሚካል፣ ሪኤጀንቱ፣ አልቋል» አላቸው። መቼ አለቀ? ትናንት ማታ! እሱ ያውቃል፤ ሐኪሙ አያውቅም፣ ገንዘብ ተቀባይዋ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። ከክፍል ክፍል እኮ አሥር እርምጃ አይሞላም። ገንዘባቸውን ለማስመለስ ደግሞ እንደገና ተሰለፉ። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ሻይ በዳቦ አስመጣሁላቸው።

የተረኞች ርክክቡማ የባሰ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ስገባ የሌሊት ተረኛዋ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ናት። ደብተሩ ላይ «ሁሉም ሰላም» የሚል ተጽፏል። የንጋቱ 12 ሰዓት መርፌ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም? ፊርማ የለም፣ ስልኳ አይነሳም። ሕመምተኛውን ራሱን «መርፌ ተወግተዋል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ አንገቴን እየደፋሁ። ልፈርድባት ግን አልችልም። ሌሊቱን ብቻዋን ነው ያደረችው፤ እኔም ደክሞኝ እንዲሁ ጥዬ የወጣሁበት ቀን አለ።

መነጋገር እኮ በጽሑፍ የታዘዘበት ቦታ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት። አንዱ፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በክፍሉ ያለ ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር የሚያዝ ነው። ስሙን የተናገረ ሰው ስህተት ሲያይ ለመናገር ብዙም አያፍርም። እኛ ጋ የጽዳት ሠራተኛዋን ስም የማያውቅ ሐኪም አለ። ማን ሲያስመልሰው እንዳደረ ቀድማ የምታየው ግን እሷ ናት። ማን ጠይቋት!

ስብሰባ ሲጠራ ላብራቶሪው በፋርማሲው፣ ፋርማሲው በሐኪሙ ሲያሳብብ ሰዓቱ ያልቃል። እኔ የለመንኩት ጠዋት ጠዋት ለ10 ደቂቃ ቆመን ምን እንዳለ፣ ምን እንደሌለ እንድንነጋገር ብቻ ነው። «ጊዜ የለም» ተባልኩ።

እማማ ነገ ባዶ ሆዳቸውን ተመልሰው ይመጣሉ። ሪኤጀንቱ ይግባ አይግባ እስካሁን የነገረኝ የለም።