540 ኸርዝ ለኤክሴል

አሱስ በ2023 እ.ኤ.አ. በሰከንድ 540 ጊዜ (540 ኸርዝ) ምስል የሚያድስ ሞኒተር ለገበያ አቀረበ። በሚሊ ሰከንድ ለሚሸናነፉ የካውንተር ስትራይክ ጨዋታ ተፎካካሪዎች ሁነኛ ዕቃ ነው። ታዲያ ገዥው ሁሉ ተፎካካሪ ነው እንዴ?

በ60 ኸርዝ አንድ ምስል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፤ በ144 ወደ 6.9 ይወርዳል። ይህን ዓይን ያየዋል፣ ማውስ የያዘ እጅም ያውቀዋል። ከ360 ወደ 540 ሲዘለል ግን የሚተርፈው 0.9 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ዋጋው ላይ የሚጨመረው ግን እንዲህ አይሰስትም። አዲስ አበባ ተቀምጦ አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር የሚታኮሰው ጀግናማ፣ መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይጠብቃል።

ደግሞ የዚያ የአሱስ ሞኒተር ፓነል ቲኤን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፈጣን ቢሆንም ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይገረጣል። ቀኑን ኤክሴል ላይ ለሚውል፣ ማታ ማታ ለሚጫወት ሰው 27 ኢንች ባለ 1440ፒ ጥራት፣ ፓነሉ አይፒኤስ የሆነ ሞኒተር ይበጀዋል፤ ፊደሉ ጥርት ይላል፣ 144 ኸርዝም አያንሰውም። ግን ይህን ማን ደረቱን ነፍቶ ያወራል?

የሚብሰው፣ ስንት ብር የወጣበት ሞኒተር ጠረጴዛው ላይ ተሰይሞ ዊንዶውስ ውስጥ 60 ኸርዝ ላይ እንደተተወ ወራት ማለፉ ነው። ባለቤቱን ሲጠይቁት፣ «ከድሮው ጋር ሰማይና ምድር ነው!»