«ሰርቨር አለኝ» ባዩ ጎረቤቴ

ጎረቤቴ ቤቱ ውስጥ የቪፒኤን ሰርቨር ተከለ። መስመሩ ሲም ካርድ የገባበት የፎርጂ ራውተር ነው። ዋየርጋርድ የተባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም ጫነ፣ ፖርት 51820 ከፈተ፣ ከዚያ ቢሮው ሆኖ ቤቱን ቢጠራ «አቤት» የሚል ጠፋ።

የራውተሩን ገጽ ቢገልጥ አድራሻው በ100.64 ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለኔትወርክ አቅራቢዎች የውስጥ መጠቀሚያ ተብሎ የተመደበ ቁጥር ነው። የአይፒቪ4 አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነና ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ሕዝቡ በአንድ የውጭ አድራሻ ተጠቅልሎ ይወጣል። አንድ በር ብቻ እንዳለው ግቢ በሉት፤ ዘበኛው ወጪውን ሁሉ ያሳልፋል፣ እንግዳ ሲመጣ ግን «የማን?» ብሎ ይመልሳል።

መካሪ መቼም አይጠፋም፤ «ዳይናሚክ ዲኤንኤስ አስገባ» አሉት። አስገባ። አሁን የሚያምር ስም አለው፤ ስሙም እንግዳውን እዚያው ዘበኛ ፊት ያደርሰዋል።

በመጨረሻ ጀርመን አገር ሰርቨር ተከራየ። የቤቱ ራውተር ወደዚያ ይደውላል፣ በየ25 ሰከንዱም «አለሁ» ይላል። ስለዚህ ሰውየው ከቦሌ ሆኖ መገናኛ ያለውን የግቢውን በር በፍራንክፈርት በኩል ያያል። ፓኬጁስ? በቤቱ በኩል አንድ ጊጋባይት ፊልም ቢያይ፣ የቤቱ ሲም ሲገባም ሲወጣም ይቆጥራል፣ የእጁ ስልክ ሦስተኛውን። መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው ወጪ የሌለው።

እናንተም ካማራችሁ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን የውጭ አድራሻ እዩ። በ10 ወይም በ100.64 ከጀመረ፣ ገንዘባችሁን ለኪራዩ አስቀምጡ።